የሰባተኛው ቀፎ በር

ኤፕሪል 9

ጠዋት ስድስት ዲግሪ። ተራራው ላይ ስስ ደመና፣ ንፋስ የለም። ከአየር ሁኔታ ጣቢያው ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ እጄ ግን አልወጣም። ቴርሞሜትሩን ሳላይ ቁርስ አይበላልኝም።

አባቴ ወተት ሲቀዳ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ብርጭቆው ስንጥቅ አለው አለ። ስንጥቅ የለውም። ጠረግኩና እኔም ብርጭቆውን ወቀስኩ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። የሁለቱም ዓይኑ ብርሃን ከመሃል እየጠፋ እንደሆነ ሐኪሙ ለእኔም ለእሱም ነግሮናል። እሱ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል። ሰው ሲያነጋግር ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ በዳር በኩል ትንሽ ስለሚታየው። ለምን ሲሉት አንገቴን ወግቶኝ ነው ይላል።

ከሰዓት አስራ አራት ዲግሪ። ንቦቹ ወጡ።

ኤፕሪል 13

የንብ ቤቱን ከፍተን ክረምቱን የሞቱትን ንቦች ሬሳ ጠረግን። አስራ ሁለቱ ቀፎዎች እንደ መሳቢያ ግድግዳው ውስጥ ተሰክተዋል፤ ስድስት ከላይ፣ ስድስት ከታች። እኛ ከውስጥ በጀርባቸው እንከፍታለን። ንቦቹ ከውጭ በፊታቸው ይወጣሉ። የፊቶቹ ቀለም ደብዝዟል። አያቴ ናት የቀባቻቸው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቢጫ… አሁን ሁሉም የድሮ ጋዜጣ መስለዋል። እንጨቱም መሰንጠቅ ጀምሯል።

አስራ አንዱ የተገዙ ናቸው። የዛሬ ሦስት ዓመት ተባይ ፈጅቶብን በምትካቸው የመጡ። አባቴ "ተከራዮቹ" ይላቸዋል። የቤቱ ልጅ ሰባት ቁጥር ብቻ ናት። አያቴ ስታገባ ከአባቷ ቤት አዝላ ካመጣችው ቀፎ፣ ከእናት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ የመጣ ዘር። ግራጫ፣ ረጋ ያለች፣ ያለ ጓንት የምትነካ።

ሰባት ቁጥር ካለቀች ይህን በር ቆልፌ አረጋውያን ቤት እገባለሁ አለኝ። ቀልዱን ነው? አባቴ በንብ አይቀልድም።

ኤፕሪል 17

ዛሬ ዝናብ የለም ብዬ ጻፍኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ንቦቹ በጅምላ ገቡ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ዘነበ። ሠላሳ አንድ ዓመት ደሞዝ የተከፈለኝ ግን እኔ ነኝ።

ኤፕሪል 23

አባቴ ጆሮውን ሰባት ቁጥር ጀርባ ላይ ለጥፎ ቆየ። ንግሥቲቱ አርጅታለች፣ ሊተኳት ነው አለ። በምን አወቅክ አልኩት። እግሯን ትጎትታለች አለኝ። ሃያ ሺህ ንብ መሃል የአንዷን እግር!

ከፈትኩ። የማር እንጀራው መሃል ሁለት የንግሥት ቤት ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ተከድኗል። አሮጊቷም አጠገቡ አለች፣ ክንፏ ተበልቶ።

ንብ ጆሮ የላትም፣ በእግሯ ነው የምትሰማው ይላል። በእንጀራው ላይ የሚያልፈውን ንዝረት። እሱ ደግሞ… ምን ልበል፣ በጆሮው ነው የሚያየው። ብነግረው ይቆጣል።

ኤፕሪል 29

አሮጊቷ ንግሥት የቀፎው ደፍ ላይ ሞታ ተገኘች። አወጧት ማለት ነው። አባቴ መዳፉ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ኪሱ ከተታት። ሱሪውን ሳጥብ አገኛታለሁ።

ሜይ 3

ወጣቷ ተፈልፍላለች። አባቴ ጠዋት ስትጮህ ሰማኋት አለ፤ እንደ ልጅ ፉጨት፣ ቀጭን። እኔ የሰማሁት ጉምጉምታ ብቻ ነው።

እንግዲህ በሳምንት በአስር ቀን ውስጥ አንድ ሞቃትና ንፋስ የሌለው ቀን መርጣ ትወጣለች። ሰማይ ላይ ከወንዶቹ ንቦች፣ ከድንጉላዎቹ ጋር ተገናኝታ ትመለሳለች። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ እንቁላል ነው። ካልተመለሰች ደግሞ ሰባት ቁጥር ውስጥ ሌላ ንግሥት የሚያሳድጉበት እንቁላል የለም። አንድ መውጣት፣ አንድ መግባት። የአያቴ ዘር በዚያ ላይ ተንጠልጥሏል።

ሜይ 6

አባቴን ዋና ከተማው ሆስፒታል አደረስኩት። ዓይኑ ውስጥ መርፌ ሊወጋ፣ ሁለት ሌሊት ያድራል። አውቶቡስ ላይ ያገኘናቸውን የመንደራችንን ሴት ጥርሴን ሊነቅሉልኝ ነው አላቸው። በሰማንያ አራት ዓመቱ የቀረውን ጥርስ እኔ አውቃለሁ።

ሐኪሟ ወደ ጎን ጠራችኝ። መርፌው ያለውን ያቆይ እንደሆን እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ቤት ውስጥ ደማቅ ቀለም ተጠቀሙ አለችኝ። የበር እጀታ፣ የደረጃ ጠርዝ፣ ጽዋው… ደማቅና ጠቆር ያለ ጎን ለጎን ሲሆን ይለይለት ይሆናል።

ሜይ 7

ቀኑን ሙሉ ስቀባ ዋልኩ።

የደረጃውን ጠርዝ ጨርሼ ቀለሙ ተረፈኝ። የመንደሩ እሳት አጥፊ በጎ ፈቃደኞች ጋራዣቸውን ቀብተው የተረፋቸውን ቆርቆሮ ሰጥተውኝ ነበር፤ የእሳት መኪና ቀይ። ከዚያ የንብ ቤቱን አየሁ። ያ የደበዘዘ ፊት! አባቴ በየቀኑ እዚያ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ምንም አያይም። ለምን አይታየውም?

የላዩ ረድፍ ለነገ ይቆይ ብዬ ከታችኛው ጀመርኩ። ሰባት ቀይ፣ ስምንት ቡናማ፣ ዘጠኝ ቀይ፣ አስር ቡናማ… ቡናማው ከመስኮት መዝጊያዎቹ የተረፈ ነው። እስከ አስራ ሁለት። ከመንገድ ላይ ሆኜ አየሁት። ከሩቅ ያበራል። በዚህ ዓመት እንዲህ ደስ ያለኝ ሥራ የለም።

ሜይ 8

አባቴን አመጣሁት። አንድ ዓይኑ ታሽጓል። የንብ ቤቱ ፊት ሳደርሰው ቆመ። ጠበቅኩ። ፊቱን ወደ ጎን አዞረ… አነፈነፈ።

የቀለም ሽታ አለ አለኝ። አዎ፣ አደስኩት አልኩት። ጥሩ አድርገሻል አለና ገባ።

ይኸው ነው? ቀዩ ታይቶት ይሆን? ሳልነግረው እሱ ራሱ ቀይ እንዲል ፈልጌ ነበር። አላለም። እኔም አልነገርኩት።

ሜይ 9

አስራ ስምንት ዲግሪ። ታችኛው ረድፍ ላይ ግርግር አለ። ከመስክ የሚመለሱት ፊት ለፊት አየር ላይ ያመነታሉ፣ ያርፋሉ፣ ተነስተው ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ስምንትና አስር ደፍ ላይ ድብድብ። በየደፉ ላይ ደግሞ የተወሰኑት ቂጣቸውን ወደ ላይ አንስተው ክንፋቸውን ያርገበግባሉ። አባቴን ጠየቅኩት። የቤታቸውን ሽታ እየበተኑ ነው፣ መንገድ የጠፋበትን ወደዚህ ና ማለታቸው ነው አለኝ። ስንት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ አልኩት። ሌላ ነገር ሊጠይቀኝ አፉን ከፈተ… ተወው።

የቀለሙ ሽታ ሲለቅ ይረጋጋሉ መሰለኝ።

ሜይ 12

ሃያ ሁለት ዲግሪ፣ ንፋስ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። የሆነውን እንደ ሆነ ልጻፍ።

አባቴ ውስጥ ገብቶ ጆሮውን ሰባት ላይ ለጠፈ። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ድንጉላዎቹ ወጡ፤ ድምፃቸው ወፍራም ነው። ስምንት ሰዓት ከአስር ላይ ንግሥቲቱ ደፉ ላይ ብቅ አለች። ረጅም፣ እግሯ ፈካ ያለ። ዘላ አልሄደችም። ተነስታ ፊቷን ወደ ቀፎው አዞረችና አየር ላይ ግራ ቀኝ ተወዛወዘች። ሁለት ጊዜ። እየራቀች፣ እየሰፋች። በሩን እያጠናች ነበር። ከዚያ ወደ ላይ።

ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ላይ ተመለሰች። ረድፉ ፊት ለፊት ቆመች። ወደ ዘጠኝ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ሰባትን አለፈችው፣ ደግሞ ተመለሰች። ስምንት ላይ አረፈች።

የስምንት ንቦች ከበቧት። ለውዝ የሚያክል ኳስ ሆነው ጨመቋት። ማጨሻውን ይዤ እስክመጣ ሳር ላይ ወድቃለች። ጭራዋ ላይ ነጩ ክር አለ፤ ከድንጉላዎቹ ጋር ተገናኝታለች ማለት ነው። ሁሉን ጨርሳ በሩን ብቻ ሳተች።

አባቴ ከውስጥ ተመለሰች ወይ ብሎ ጮኸ።

አላየሁም አልኩ።

የክብሪት ሳጥን ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ስምንት ቡናማ ነው፣ ሰባት ቀይ። እንዴት ይምታታባታል? አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አያቴ የቀባችው ስድሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ አላደረገም።

ሜይ 15

እንቁላል አለ ወይ አለኝ። ገና ነው አልኩት።

ሜይ 17

ገና ነው አልኩት።

ሜይ 19

ዝናብ። አስራ አንድ ዲግሪ። ዛሬ አልጠየቀኝም። ጆሮውን ሰባት ላይ አድርጎ ቆይቶ ወጣ። ምሳውን ግማሽ ተወው። ሰባት ውስጥ ያለው ድምፅ እኔም እንኳ ይሰማኝ ጀምሯል። ጉምጉምታ አይደለም፣ ሙሾ ነው የሚመስለው፤ ይነሳል፣ ይወድቃል። እናት የሌለው ቤት ድምፅ።

ያውቃል? ካወቀ ለምን አይናገርም? ካላወቀስ እኔ ለምን አልናገርም?

ሜይ 22

ጅረቱ ማዶ ያለው ንብ አርቢ ጎረቤታችን ጋሽ ኦጥማር ዘንድ ሄድኩ። ለአባቴ ፖስታ ቤት ነው ያልኩት። ውሸቱ እየለመደኝ ነው።

አባቴ ጋሽ ኦጥማርን በስሙ አይጠራውም፣ "ያ ሰው" ነው የሚለው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እናቴን የቀበርን ዕለት ነው ነገሩ። በዚህ አገር ከቤቱ ሰው ሲሞት አንዱ ሄዶ ቀፎዎቹን አንኳኩቶ መርዶ ይነግራቸዋል፤ ያን ቀን ሁላችንም ቤተክርስቲያን ነበርን፣ ማንም አልነገራቸውም። ከሰባት ቁጥር መንጋ ወጣ። በሕጉ ባለቤቱ እያሳደደ እስከሆነ ድረስ መንጋው የሱ ነው፣ የማንንም ግቢ ዘልሎ መግባት ይችላል። ሁለት ቀን ሳያሳድድ ካለፈ ግን ላገኘው ይሆናል። አባቴ ከሬሳ ሳጥን ኋላ እየሄደ ነበር፣ አላሳደደም። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ኦጥማር ከፖም ዛፉ ላይ አወረደው። ሕጉ ከሱ ጋር ነው። አባቴ ግን በቀብሬ ቀን ዘረፈኝ ይላል። "በቀብሬ" ነው የሚለው፣ በሚስቴ ቀብር አይልም።

የክብሪት ሳጥኑን ከፍቼ አሳየሁት። ምን ቀለም ቀባሽ አለኝ። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ተወ።

"ዩስቲና፣ ንብ ቀይ አታይም። ለሷ ቀይም ቡናማም ጥቁር ነው። ቢጫ ታያለች፣ ሰማያዊ ታያለች፣ እኛ ስም እንኳ የሌለንን ቀለም አበባ ላይ ታያለች። አንቺ ግን ስድስት ጥቁር በር ደርድረሽ ቤትሽን ፈልጊ አልሻት።"

ለማን ዓይን ነበር የቀባሁት? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ለአባቴም አልታየው፣ ለንግሥቲቱም አልታያት። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ብቻ ነው የሚያምረው።

ልነሳ ስል አረቄ ቀዳልኝና ያልጠበቅኩትን ነገር አለ። ያ መንጋ ዛሬም አለ፤ ከእናት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ። እንቁላል ያለበት አንድ ፍሬም፣ እንጀራውን ከነእንጨት ክፈፉ፣ ለሰባት ቁጥር ብሰጣቸው የራሳቸውን ንግሥት ያሳድጉበታል።

"ሦስት ጊዜ መልሼ ልሰጠው ተነስቼ ከድልድዩ ተመልሻለሁ" አለኝ። "ሕጉ የኔ ነበር። ግን ለቅሶ ቤት ነበር እኮ። ይምጣና ይውሰድ። በሰው እጅ ግን አልልክም፤ እሱ ራሱ ይምጣ።"

ሜይ 25

ነገርኩት።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ባቄላ እየፈለፈልን። ንግሥቲቱ ተመልሳ ነበር፣ ስምንት ገባች፣ ገደሏት፣ ሬሳዋ እኔ ጋ ነው አልኩት። በአንድ ትንፋሽ። እጁ አልቆመም፣ መፈልፈሉን ቀጠለ።

"አውቃለሁ" አለ። "ማልቀስ ከጀመሩ ሳምንት አልፏቸዋል።"

"ቀለሙ ነው አባዬ። የታችኛውን ረድፍ ቀይና ቡናማ ቀባሁት።"

አሁን እጁ ቆመ።

"ቀይ" አለ። "ቀይ ነው የቀባሽው?"

"አላወቅኩም ነበር። አንተ ታውቅ ነበር። ቀለሙ የሸተተህ ቀን ለምን አልጠየቅከኝም? ምን ዓይነት ቀለም ነው ማለት አቅቶህ ነው?"

"ፊት ለፊቱ ቆሜ?" አለኝ። "ፊት ለፊቱ ቆሜ ምን ዓይነት ቀለም ነው ብዬ ብጠይቅሽ፣ አይታየኝም ማለቴ አይደል?"

ሁለታችንም ባቄላውን አየን። እሱ አላየውም፤ እኔ አየሁት። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ነው ያደግኩት። ነቀዘ። የሱ ዝምታና የኔ ዝምታ መሃል ላይ አንዲት ንግሥት ሞተች።

ሜይ 26

አላነጋገረኝም። ሃያ አራት ዲግሪ፣ ንብ የሚወደው ቀን።

ትናንት ማታ የአረጋውያን ቤቱ መግቢያ ወረቀት የት ነው ብሎ መሳቢያ ሲዳስስ ሰማሁት። ጠዋት ደብቄዋለሁ። ከዳቦ ሳጥኑ ሥር።

ሜይ 27

የጋሽ ኦጥማርን ነገር ነገርኩት። የዚያ ሰውዬ ደጅ አልሄድም አለ። የሌባ ፍሬም ቤቴ አይገባም። ሌባ እንዳልሆነ ታውቃለህ አልኩት። አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የሚያናድደኝ አለ።

ከዚያ፣ "ስንት ቀን ቀርቷቸዋል?" አለኝ። የሚያውቀውን ነው የሚጠይቀኝ። ንግሥት የሌለው ቀፎ ሲቆይ ሠራተኞቹ ራሳቸው የማይረባ እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፤ ያኔ የመጣላቸውን ንግሥት ሁሉ ይገድላሉ። ብዙ ቢሆን ሳምንት አልኩት።

ኮፍያዬን የት አደረግሽው አለኝ።

ሜይ 28

ሃያ ዲግሪ፣ ከምዕራብ ቀላል ንፋስ። ሄድን።

ድልድዩ ላይ ክንዱን ልይዝለት ስል ገፈተረኝ። ጋሽ ኦጥማር በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ ከሩቅ አይቶን መሆን አለበት። ሸሚዝ ቀይሯል።

"ጋሽ ማተቭዥ፣ እንኳን ደህና መጡ።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ሰላምታ ይሁን እምቢታ አልለየሁትም። ስለ ተባይና ስለ ዘንድሮው ግራር አበባ ትንሽ ተባባሉ፤ ዛሬ ገና እንደተዋወቁ ሰዎች። ከዚያ ጋሽ ኦጥማር ቀፎውን ከፈተ። አባቴ እጁን ያለ ጓንት ወደ ውስጥ ሰደደ። ንቦቹ ጣቶቹ ላይ ሄዱ። አንዷም አልነደፈችውም። "ረጋ ያሉ ናቸው" አለ። "የእናቴ ናቸው።"

ጋሽ ኦጥማር አንድ ፍሬም አውጥቶ ሰጠው። "እንቁላሉን ይዩልኝ፣ የሚወዱትን ይምረጡ" አለው። ማክበሩ ነበር። አዋቂ ሰው ፍሬም ሲሰጠው ፀሐዩን በትከሻው አድርጎ ቀዳዳዎቹን ይመለከታል፤ እንቁላሉ ከሩዝ ስባሪ ያነሰ ነው። አባቴ እንደ ደንቡ ፀሐዩን በትከሻው አደረገ። ፍሬሙን አነሳ። ወደ ግራ አዘነበለው፣ ወደ ቀኝ አዘነበለው። ፊቱን አዞረ። ደግሞ አዞረ።

እኔ እንቁላሎቹን ከቆምኩበት አያቸዋለሁ። ልናገር? አንድ ቃል ብናገር ይድናል። ምን ያህል ጊዜ እንዲህ አዳንኩት… ወተቱን እየጠረግኩ፣ ስንጥቅ የሌለውን ብርጭቆ እየወቀስኩ። ምላሴን ነከስኩ።

"ኦጥማር" አለ አባቴ። በስሙ ጠራው። "አይታየኝም። ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አንተ እይልኝ።"

ጋሽ ኦጥማር ፍሬሙን ተቀበለ። ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው። ኪሱን ዳሰሰ።

"መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ" አለ። "ቢኖርም እንቁላል አላይበትም። እኔማ ካየሁ አምስት ዓመቴ ነው። ሚስቴ ናት የምታይልኝ።"

አባቴ ሳቀ። ከእናቴ ቀብር ጀምሮ እንዲያ ሲስቅ አልሰማሁም ብል ማጋነን ነው፤ ግን ረጅም ጊዜ ነው። ንቦቹ ተረብሸው ተነሱ። እየሳቀ፣ "ዩስቲና፣ ነይ፣ የሁለት ዕውሮችን እንቁላል ቁጠሪ" አለኝ።

አየሁ። አለ። በየቀዳዳው አንድ አንድ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። ፍሬሙን በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለን ይዘን መጣን። ድልድዩ ላይ ክንዴን ያዘ።

ሜይ 30

ቀዩን ፋቅኩ። አባቴ አግዳሚው ላይ ሆኖ ያዛል። ሰባት ሰማያዊ፣ ስምንት ቢጫ፣ ዘጠኝ ነጭ። ቆርቆሮውን ከፍቼ ምን እንደሆነ እነግረዋለሁ፣ እሱ የት እንደሚሆን ይነግረኛል። "ሰማያዊው ምን ዓይነት ነው?" "የበጋ ሰማይ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።" "የትኛው ወር?" አለኝ። እንዲህ ጠያቂ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የአረጋውያን ቤቱን ወረቀት ከዳቦ ሳጥኑ ሥር አወጣሁት። ሰጠሁት። ዳሰሰው፣ ምንድነው አለኝ፣ ነገርኩት። ማጨሻው ውስጥ ከተተው። ጥሩ ጭስ ወጣው።

ጁን 10

ሰባት ውስጥ ንግሥት ተፈልፍላለች። ፉጨቷን እኔም ሰማሁ። ቀጭን። አባቴ ነው ያሰማኝ፤ ዓይንሽን ጨፍኚ አለኝ።

ጁን 19

ሃያ አምስት ዲግሪ፣ ንፋስ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ወጣች። ግራ ቀኝ ተወዛወዘች፣ በሩን አጠናች፣ ሄደች።

አባቴ አጠገቤ ተቀምጧል። የማየውን ሁሉ እንድነግረው ይፈልጋል፣ እነግረዋለሁ። አስራ ስድስት ደቂቃ። አስራ ስምንት። ሃያ። በጣቢያው መብረቅ ያለበትን ደመና ስጠብቅ እንኳ እንዲህ አላላበኝም። ጭንቅ ነው የያዘኝ፣ ሌላ ስም የለውም።

በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ መጣች። ረድፉ ፊት አንዴ ቆመች። ሰማያዊው ላይ አረፈች። ገባች።

"ገባች አባዬ።"

"የት?" አለኝ።

"ሰባት።"

"አየሻት?"

"በዓይኔ።"

መሃረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ጠረገ። ዝም ብዬ አላለፍኩትም፣ እያለቀስክ ነው አልኩት። አዎ አለኝ።

ጁን 25

ጠዋት አስራ ሰባት ዲግሪ፣ ደመና የለም።

ሰባትን ከፈትኩ። እንቁላል አለ። ከመሃል ጀምሮ ክብ ሠርቶ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይዘለል። እስከ መቶ ቆጥሬ ተውኩት። ለአባቴ ነገርኩት። እንደገና ንገሪኝ አለ፣ እንደገና ነገርኩት። ለኦጥማር ደውይለት አለኝ፤ ደወልኩ፣ እሁድ ከሚስቱ ጋር ይመጣል።

ቀፎውን ዘግቼ ስዞር አባቴ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱን አላዞረም፣ ቀጥ አድርጎ ወደኔ።

"አንቺስ?" አለኝ። "አንቺ አሁን ምን ትመስያለሽ?"

ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ከዚያ ገባኝ። ወደዚህ ቤት ከተመለስኩ ሁለት ዓመቴ ነው። አይቶኝ አያውቅም።

ሸብቻለሁ አልኩት። ሙሉ በሙሉ? ሙሉ በሙሉ። መቼ? ስድስት ዓመት ይሆነዋል፣ ስቀባው ነበር፣ ጡረታ ስወጣ ተውኩት። ከስቻለሁ፤ አፍንጫዬ ያው ያንተው ነው። ስለ እሱ ይቅርታ አለኝ። ግንባሬ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ ሲያናድዱኝ ሦስት ይሆናል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰማይን ስገልጽ ኖሬ የራሴን ፊት መግለጽ አቃተኝ።

እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ የንብ ሙጫ ነክተው ይጣበቃሉ። ከግንባሬ ጀመረ፣ በቅንድቤ አለፈ፣ ጉንጬ ላይ ቆየ። ንብ ፊት ላይ ስታርፍ እንደሚደረገው ሳልንቀሳቀስ ቆምኩ፣ እስኪጨርስ።